የአማቴ ድንጋይ

ቴክሳስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ ራሱ ተበላሽቷል እያልን እንቀልድ ነበር፤ እኛ ኤርፖርት በር ላይ ተሰልፈን ተሳፋሪ የምንጠብቅ የታክሲ ሾፌሮች። በብርዱ ወራት መግቢያ አንድ ረፋድ ላይ ግን ፎርት ዎርዝ ያለው አፓርታማችን ፊት ለፊት የፖሊስ መኪና ቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነበር። ከሀይዌዩ ጎን ባለው የመኪና መንገድ ጠርዝ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ እንዳገኛቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው መልሳቸው እንዳልገባው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ልጃቸው ባስቀመጠችው አድራሻ እንዳመጣቸው ነገረኝ። መንገዱ ለእግረኛ አደገኛ መሆኑን በትሕትና አስረድቶ ሄደ። አማቴ በሩን አልፈው ሲገቡ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ አገር ሲሠራ ለእግር ያሰበ ሰው አለመኖሩ ገርሟቸዋል።

ከድሬዳዋ የመጡት አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ሚስቴ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሌላ የላቸውም። ድሬዎችን የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ ከሐኪም እስከ ዳኛ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ «አቦ» ሳይሉ ወሬ አይጨርሱም፣ የወደዱትን ሰው ሲሰድቡ ነው የሚውሉት። እኔን ግን እርስዎ ይሉኝ ነበር። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእኔ፣ ስገባ ብድግ፣ ስወጣ ብድግ። ሚስቴ እናቷ እንዲያ ጨዋ ስትሆን አይታ እንደማታውቅ ስትነግረኝ ነገሩ ገባኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ። የተጋባነው በእኔ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ እሳቸው በስልክ ነው የሰሙት። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ እግር ጉዞው ልምጣ። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሦስተኛውን ስትፀንስ አማቴ ድሬዳዋ ሆነው፣ ይህን ልጅ በሰላም ካሳየኸኝ ከደንገጎ እስከ ቁልቢ በእግሬ እመጣለሁ ብለው ለገብርኤል ተሳሉ። ልጁ ተወለደ፤ በቀዶ ጥገና፣ ከቀኑ ቀድሞ፣ ደረቱ ደከም ያለ፣ ግን ደህና። የእሳቸው ሐሳብ ለታኅሣሥ ገብርኤል አገራቸው ገብተው ስለታቸውን ማድረስ ነበር። ሆኖም የሚስቴ ቁስል አመርቅዞ እንደገና ተከፈተ፣ የልጁም ሳል አልለቅ አለ። ቲኬቱ ተራዘመ። ታኅሣሥ ግን የሚራዘም ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ባሳለ ቁጥር አማቴ ከተቀመጡበት ብድግ ይሉ ጀመር። እኛ ለሳሉ ሽሮፕ ስንፈልግ እሳቸው መስኮቱ ጋ ሄደው ይቆማሉ። «ገብርኤል እኔን ነው የሚጠይቀው» ይላሉ። ሐኪሙ የልጁ ሳንባ በየሳምንቱ እየጠነከረ መሆኑን ቢነግረንም፣ ሚስቴም ቃል በቃል ብታስረዳቸው፣ ራሳቸውን ይነቀንቁና የሕፃኑን ደረት በመዳፋቸው ይዘው ይቀመጣሉ። ምግብ ቀነሱ። እንቅልፍም ቀነሱ። የዚያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም የአንድን ሕፃን ጉሮሮ እያዳመጥን ነበር የምንኖረው።

መጨረሻ ላይ የስልክ ካርድ ገዝተን የነፍስ አባታቸው ጋ አስደወልናቸው። አባ መልሳቸው አጭር ነበር። መልአኩ ቴክሳስ እንደማይደርስ ማን ነገረሽ ብለው ከሳቁባቸው በኋላ፣ ያንኑ የሚያህል መንገድ ባሉበት አገር በእግራቸው ሄደው፣ መባውን በአቅራቢያቸው ላለች ቤተ ክርስቲያን እንዲሰጡ ፈቀዱላቸው። በማግስቱ ነው አማቴ ሹልክ ብለው ወጥተው በፖሊስ መኪና የተመለሱት።

እኔን ያሳደገኝ አባቴ ብቻውን ነው። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው የሞተችው። አባቴ ወንጌል ሰባኪ ነበርና በቤታችን ስለት የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ አይወጣም ይል ነበር። እኔም እንደሱ ነው የማምነው፣ ዛሬም። ነገር ግን እኚህን ሴትዮ መስኮት ሥር ቆመው ማየት ሰለቸኝ፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር እንዲወዱኝ እፈልግ ነበር። ያኔ አንድ ተሳፋሪ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ዌዘርፎርድ ያደረስኩት አንድ ሽማግሌ ነው። ከሚነራል ዌልስ እስከ ዌዘርፎርድ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው መስመር ሐዲዱ ተነቅሎ የእግር መንገድ ሆኗል፣ መኪና አይገባበትም፣ ሃያ ማይል ትንሽ ቢጎድለው ነው ብሎኝ ነበር። ለአማቴ ነገርኳቸው። አብሬያቸው እንደምሄድም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩኝና፣ እርስዎን ማስቸገር አይሆንብኝም ወይ አሉ። አይሆንም አልኩ። እግሬን ከነዳጅ ፔዳል ሌላ ለምንም ነገር ተጠቅሜበት እንደማላውቅ አልነገርኳቸውም።

በገብርኤል ዋዜማ ገና ሳይነጋ ታክሲዬን አስነስተን ወጣን። የታሰበው ታክሲውን ሚነራል ዌልስ አቁመን እንድንሄድ፣ ማታ ላይ ሚስቴ በራሷ መኪና ዌዘርፎርድ መጥታ እንድትወስደን ነው። አማቴ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ነጠላ፣ ከታች የልጃቸውን የስፖርት ጫማ አድርገዋል። ጀርባቸው ላይ የሚስቴን የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝለዋል። ልያዝልዎ ስላቸው አይሆንም አሉ። ዳቦ መስሎኝ ተውኩት።

ሚነራል ዌልስ ከተማው መሃል ላይ ባዶ የቀረ፣ መስኮቶቹ የተሰባበሩ ትልቅ ሆቴል አለ። ድሮ ከየአገሩ ሕመምተኛ በባቡር እየመጣ፣ እዚያ አርፎ፣ ከመሬት የሚወጣውን ውሃ እየጠጣ ይድን ነበር ይባላል። ይህን ስነግራቸው አማቴ ቆሙ። ጠበል ማለት ነው ታዲያ አሉኝ። እኔም በምን አንደበቴ አይደለም እላለሁ። ውሃው የሚቀዳበት ቤት በማለዳ ተከፍቶ አገኘነውና በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዱ። እኔ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። እሳቸው ጾም ላይ ስለሆኑ አልቀመሱም፤ ጠርሙሱን ለልጁ ደረት ነው ብለው ሹራባቸው ውስጥ ሸጎጡት። ጠበል ካለበት ቦታ ተነስቶ መሄድ መልካም ምልክት ነው አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

መንገዱ ደቀቅ ያለ ነጭ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቀጥ ያለ፣ ሽቅብም ቁልቁልም የሌለው ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። ትንሽ እንደሄድን በትልቅ ድልድይ አድርገን ከአንድ ሀይዌይ በላይ አለፍን። አማቴ መሃል ላይ ቆመው ከሥራቸው የሚሯሯጡትን መኪናዎች ተመለከቱ። ያን ዕለት ፖሊስ ከመንገድ ዳር ለቅሞ እንደመለሳቸው ሳያስቡ አልቀሩም፤ አገጫቸውን ከፍ አድርገው ነበር የተሻገሩት። ሐዲዱ ወዴት እንደሄደ ጠየቁኝ። ነቅለው ለብረት ሸጠውት ይሆናል አልኩ። የድሬዳዋው ባቡርም ዘንድሮ አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ወር ይተኛል አሉ፤ መቼስ እነዚህስ ሐዲዱን ሲያነሱ ለእግር ሰጡት።

ከከተማው ስንርቅ በግራና በቀኝ የከብት ግጦሽ፣ የደረቀ ሣር፣ ግራር የሚመስል እሾሃማ ዛፍ፣ ጥድ ሆነ። ቁልቋል ሲያዩ እንደ ዘመድ ሰላም አሉት። ፍሬውን በስንት ወር እንደሚሰጥ፣ እዚህ ሰዎች ይብሉት አይብሉት ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ በፈረስ ሲያልፍ ባርኔጣውን ነክቶ ሰላም አለን። አማቴ ዞር ብለው ሲያዩት ቆዩና፣ እሱም ተስሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይመስለኝም፣ ለመዝናናት ነው አልኩ። ለመዝናናት ሃያ ማይል የሚሄድ ሰው መኖሩን ማመን አቃታቸው።

አካሄዳቸው ቀስ ያለ ግን የማያቋርጥ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እኔ ደግሞ ከጎናቸው ስሄድ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ራበኝ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም። ኪሴ ውስጥ ሚስቴ የቀቀለችልኝ ሁለት እንቁላል አለ። ሽንት መጣብኝ ብዬ ከጥድ ጀርባ ሄድኩና እንቁላሎቼን እንደ ሌባ ላጥኩ። ስመለስ አማቴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ፣ እንቁላሉ ጨው ነበረው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነበረውም አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ከመጡ ጀምሮ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

እኩለ ቀን ገደማ አንዲት የእንጨት አግዳሚ ወንበር አገኘንና ተቀመጥን። አማቴ ቦርሳቸውን አውርደው ሲያስቀምጡት ወንበሩ ጓ አለ። ዳቦ እንዲያ አይጮህም። ምን እንደያዙ ስጠይቃቸው ዚፑን ከፈቱት። በፎጣ የተጠቀለለ ድንጋይ ነው፤ የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ቀላ ያለ። ቁልቢ የሚሄድ ተሳላሚ ድንጋይ ተሸክሞ ሲወጣ በልጅነታቸው እያዩ ነው ያደጉት። እሳቸውም ሲሳሉ ሸክሙንም ጨምረው ነበር። ለማንም አልነገሩም፤ ልጃቸው ብትሰማ ጉልበትሽን ትጎጂዋለሽ ብላ ትከለክላቸዋለች።

ድንጋዩን ሳየው ግን የማውቀው መሰለኝ። የአፓርታማችን ሊዚንግ ኦፊስ፣ የኪራይ ቢሮው ማለት ነው፣ በሩ ላይ የአበባ መደብ አለ፤ ዙሪያውን በእንዲህ ያለ ቀላ ባለ ድንጋይ የታጠረ ነው። አማቴም አልካዱም። አገሩ ሁሉ ሣርና አስፋልት ነው፣ ድንጋይ ከየት ላምጣ አሉኝ። የተሰረቀ ድንጋይ ለስለት ይሆናል ወይ ብዬ ላሾፍ ስል ፊታቸው ጭልም አለ። ይህን ያሰቡት አሁን ነው። መሬት ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ባለቤት አለው ብለው አላሰቡም ነበር፤ እኛ አገር ድንጋይ የማንም ነው። ወዲያው ተጸጸትኩ። ተውሶ ነው እንጂ ስርቆት አይደለም፣ እንመልሰዋለን አልኳቸው። መመለስማ አይቻልም፣ የተሳሉት ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚቀረው አሉ። እንግዲያው ሌላ እንተካለን ብዬ ማልኩላቸው። ተሸክመው ተነሱ፤ እኔም ልያዝልዎ ማለቱን ተውኩ።

ጉልበታቸው እምቢ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀኝ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ከዚያ የኔን ክንድ ያዙ። ከዚያ በየመቶ ሜትሩ መቆም ሆነ። መሃል ላይ ካለችው ትንሽ መንደር ስንደርስ፣ መንገዱ የመኪናውን መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ፣ እንጨት አጥር ይዘው ቆሙና ከዚያ በላይ መራመድ አልቻሉም። ጉልበታቸው በሱሪያቸው ላይ እንኳ ያበጠ መሆኑ ይታይ ነበር። ከግማሽ በላይ ሄደናል፤ የቀረው ግን ቀላል አይደለም። መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፤ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ብቻ ይታያል። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

የስልኬ ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ነው፤ አጥሩ ላይ ወጥቼ ሚስቴን አገኘኋትና የሆነውን ነገርኳት። ስልኩን ለእናቷ እንድሰጥ ነገረችኝ። ስፒከሩን ከፈትኩ።

«እማዬ፣ ሶ እኔ አሁኑኑ ፒክ ላድርጋችሁ፤ ኦኬ? የቀረውን እኔ ልሂድልሽ። ቤቢውን እሱ ይይዘዋል።»

«ቁስልሽ ሳይጠግግ? ድንጋይ ተሸክመሽ?»

«ምን ድንጋይ?»

አማቴ ስልኩን መለሱልኝ። ልጃቸው እንድትመጣና እንድትወስዳቸው እሺ አሉ፤ እንድትሄድላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ስልኩን ዘግቼ ሳበቃ እዚያው መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው መንገዱን ያያሉ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጥዶቹ መሃል የሚጠፋውን መንገድ። ስለታቸው ጎዶሎ ሆኖ ቤት ሲገቡ፣ ልጁም ማታ ሲያስል፣ ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ። እሳቸውም ያንኑ እያሰቡ እንደነበር አልጠራጠርም። ውሃ ይጠጡ አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም አሉኝ።

ሚስቴ እስክትደርስ ብዙ ጠበቅን። መኪናዋ ከሩቅ ሲታይ አማቴ ቦርሳውን ከጀርባቸው አወረዱና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ስለት በመኪና አይሄድም» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«የእናትን ስለት የሚያደርስ ልጅ ነው።»

ቦርሳውን ወደ እኔ ገፉት።

«እንካ። ተሸከምልኝ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ በስለት...»

«አውቃለሁ። እሱን ለኔ ተወው። አንተ ድንጋዩን ብቻ ያዝ።»

ቦርሳውን አዘልኩት። የትከሻው ማሰሪያ ለትምህርት ቤት ልጅ የተሠራ ነውና ደረቴን ቀረቀበኝ። ደግፌ አስነሳኋቸውና መኪናው ውስጥ ከልጁ ጎን አስቀመጥኳቸው። ሚስቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቦርሳውን አየች። ዌዘርፎርድ መጨረሻው ላይ እንጠብቅሃለን ብላ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

አንቱታውን እንደተዉት የገባኝ አንድ ማይል ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው። ቆምኩ። ከዚያ እንደገና መሄድ ጀመርኩ።

ድንጋይ ሲያዩት ትንሽ ነው። አማቴ ከማለዳ ጀምሮ ሳያቃስቱ እንዴት እንደተሸከሙት ዛሬም አይገባኝም። ማሰሪያውን ወደ ግራ ሳደርገው ግራው፣ ወደ ቀኝ ሳደርገው ቀኙ ይቆርጠኛል። ጫማዬ የሥራ ጫማ ነው፤ ተረከዜ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ ቆይቶም ፈነዳ። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ጆሮዬን አደነዘዘው። ላሞች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ከሾፌር ጓደኞቼ አንዱ በዚያ ሰዓት ቢያየኝ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አባቴ ቢያየኝስ ብዬም አሰብኩ፤ ምናልባት ይቆጣ ነበር፤ ምናልባት ደግሞ ሚስት የሞተችበት ሰው ስለሆነ ዝም ይል ነበር። መልአክ መንገዴን እያየ ነው ብዬ አላመንኩም። አማቴ ግን መኪናው መስኮት ላይ ሆነው መንገዱን እያዩ እንደሆነ አምን ነበር፤ ለኔ ያ በቂዬ ሆነ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መንገዱን የሚጠብቅ ሰውዬ በትንሽ ባለ አራት ጎማ መኪና ከኋላዬ መጣ። ሳነክስ አይቶኝ ነው። ሳይጨልም መውጣት እንዳለብኝ ነገረኝና፣ ውጣ፣ መጨረሻው ድረስ ላድርስህ አለኝ። ከጎኑ ያለው ወንበር ስፖንጅ አለው። ከኛ በቀር ሰው የለም፤ ማንም አያይም። አመሰግናለሁ፣ በእግሬ መጨረስ አለብኝ አልኩት። ቦርሳዬን እያየ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። ሰውየው ፊቱን ሳይለውጥ የማን ድንጋይ አለኝ። በእንግሊዝኛ አማት የሚለውን ቃል ለመፈለግ ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም አልፈለግሁም።

«የእናቴ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እኔ ግን ቆምኩ። እናቴ የሚለውን ቃል ከተናገርኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላውቅም። ቤት ውስጥ ስሟ ሲነሳ አባቴ ስለሚያለቅስ አናነሳውም ነበር፤ ከዚያም ማንሳቱን ረሳሁት። እዚያ በረሃ በሚመስል ሜዳ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ የሰው አበባ መደብ ድንጋይ አዝዬ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ነፋሱ ነው ማለት እችል ነበር፤ አይደለም። ተናፈጥኩና የቀረውን ሄድኩ።

መጨረሻው ላይ መናፈሻ አለ። ስደርስ መሽቶ ሊጨልም ጥቂት ነው የቀረው። ሚስቴ የመኪናዋን መብራት አብርታ ነበር። አማቴ የኋላውን በር ከፍተው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ልጁ በመኪና ወንበሩ ተኝቷል። ቦርሳውን ተቀብለው ዚፑን ከፈቱ፣ ድንጋዩን አወጡ፣ ሳሙት፣ እንደገና በፎጣው ጠቀለሉት። ስለ ድንጋዩ ያደረጉት ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ታች አዩና ጫማህን አውልቅ አሉኝ።

አይሆንም፣ ተዉ፣ ደህና ነኝ አልኩ። አልሰሙኝም። ወንበሩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው መሬት ላይ ወርደው የጫማዬን ማሰሪያ ፈቱት። ካልሲዬ ከደሙ ጋር ተጣብቋል። ሹራባቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው ጠዋት የቀዱትን ጠርሙስ አወጡ። ሚስቴ ለልጁ የተቀዳ አይደለም ወይ ስትል፣ ለልጁ ሌላ እንቀዳለን አሉና ተረከዜ ላይ አፈሰሱት። ያ ውሃ ጨው እንዳለው ረስቼው ነበር። ቁስሌ ላይ ሲያርፍ ጮህኩ።

«አቦ ዝም በል፤ ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ።»

እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፤ በአንደኛው እጃቸው ተረከዜን ይዘው፣ በሌላው ጣቶቼን አንድ በአንድ። እየተሳደቡም ነበር፤ በዚህ ጫማ ይሄን ሁሉ መንገድ የሚሄድ እንዴት ያለ ጅል ነው፣ ማን ነው ያሳደገህ፣ ሰው ሆነህ ካልሲ መቀየር አታውቅም። ሚስቴ የመኪናውን መሪ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አላየሁም። እኔ ግን ስድብ እንዲያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ልንሄድ ስንል አስቆሙን። የሰው አበባ ያለ ድንጋይ አይደር አሉ። በባዶ እግሬ ወርጄ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ነጭ ድንጋይ አንስቼ አመጣሁ። ቀለሙ እንደማይመሳሰል አሳየኋቸው፤ ግድ የለም አሉ። ሁለቱንም ድንጋዮች የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ አንዱ ለገብርኤል፣ አንዱ ለሊዚንግ ኦፊስ። ነጩ ድንጋይ እኛ ከዚያ ቤት እስክንወጣ ድረስ በቀያዮቹ መሃል ተቀምጦ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠየቀንም።

ወደ ፎርት ዎርዝ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሙቀት ነበር። እኔ ፊት ተቀምጬ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣ አማቴ ከኋላ ለአባ በስልክ የሚነግሩትን ለራሳቸው እየደጋገሙ ይሰማኛል። ዳቦ በሉ፤ ለኔም ቆርሰው በወንበሩ መሃል አቀበሉኝ። ከዚያ ልጁ አሳለ። ያው የምናውቀው ሳል ነው፤ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሚስቴ መሪውን ጠበቅ አድርጋ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። እኔም ዳቦውን ይዤ ቀረሁ። ሁለታችንም የምንጠብቀው ያንኑ «እኔን ነው የሚጠይቀው» ነበር።

አማቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳቡለት።

«ብርድ ነው» አሉ፣ «መስኮቱን ዝጉት።» ወዲያውም ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው።